ባለ ሁለት መስመሩ ምስክርነት

እስቲ ቀረብ በሉና ተቀመጡ። ሥራችሁ የትም አይሄድም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሁለት ልጆች ነው። በወሬው ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ቢኖርበት ኖሮ እኔም መናገሩ በቀለለኝ፣ እናንተም እሱን ረግማችሁ በወጣላችሁ ነበር።

ልጅቷ ጸሐፊ ናት። የምትሠራው በመንግሥት የሚዛን መፈተሻ ቤት ነው። ወርቅ ሠሪው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ እህል ነጋዴው የሚገለገልበት ሚዛን ሁሉ ልክ መሆኑ ተረጋግጦ ማኅተም የሚያርፍበት እዚያ ነው። የቤቱ ዋና ለኪ የገዛ አባቷ ናቸው። እሳቸው ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ በመሃላቸው የመስታወት ግድግዳ።

የውስጡ ክፍል እንደ ማንኛውም ክፍል እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛው ድንጋይ ነው፤ ከመሬት የተነሳ የራሱ መሠረት አለው፣ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር እንዳይርገበገብ። መስኮቱ ድርብ ነው። የሚዛን ድንጋዮቹን በእጅ መንካት ነውር ነው፤ የጣት ወዝ ክብደት ይጨምራል ይላሉ፣ በወረንጦ ነው የሚነሱት። ሌላም ሕግ አለ፦ አንዱ የለካውን ሌላው ደግሞ ይለካዋል። «ሰው ነን፣ እንሳሳታለን» ይላሉ አባቷ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንንም ሥራ ደግመው ሳይለኩ አሳልፈው አያውቁም ይባላል፤ የአለቃም ቢሆን፣ የራሳቸውም ቢሆን።

እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ወጣት አለ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ተሸካሚ ነበሩ፤ እሱም ወደዚህ ቤት የመጣው ሳጥን ተሸክሞ ነው። ቀን ተሸክሞ ማታ ተምሮ ዲፕሎማውን ሲይዝ፣ ዋናው ለኪ ወረንጦ አስጨበጡት። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ዝንብ እንኳ ካለፈች «ጭጭ!» ስለሚል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስሙን ትቶ ጭጩ አለው።

እሱ ሲመዝን ልጅቷ የጽሕፈት መኪናዋን ታቆማለች፤ ንዝረቱ እንዳይደርስበት። የሚዛኗ መርፌ እስክትረጋ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እሷም ከመስታወቱ ወዲህ ሆና፣ ሳታውቀው፣ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። መርፌዋ ስትረጋ ሁለቱም እኩል ይተነፍሳሉ፤ እኩል ቀና ይላሉ፤ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። ፍቅራቸው የተጀመረው በዚህ ነው፣ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ።

«እናንተ ልጆች» አለቻቸው አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ «አንድ ቀን ታፍናችሁ ትቀሩና ፖሊስ እኔን ይጠይቀኛል!»

ጭጩ በመጨረሻ ደፈረና አባቷን ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ልጅዎን... ፈቃድዎ ከሆነ...»

«ምን ይዘህ?» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም።

«እጄን።»

«እጅማ ሁሉም አለው። ዘመዶቿ የተሸካሚ ልጅ ሲሉህ አንተም ትሰማለህ፣ እሷም ትሰማለች። ሂድና ተማር። ተመለስና ያኔ ጠይቀኝ።»

ልጅቷ ይህን ስትሰማ፣ አባባ በሩን በጨዋ አነጋገር ዘጋብን አለች በልቧ። ልብ በሉልኝ፣ ይህን አባቷ አላሉም፤ ያለችው እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መንግሥት ከአንድ የባሕር ማዶ መንግሥት ጋር ባለው የልውውጥ ስምምነት ሁለት ዓመት ነጻ ትምህርት ይሰጣል። ከሙያው አንድ ሰው ብቻ። ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላው። ጭጩ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወሩ ነበር። ይህ ካመለጠው ሌላ የለም።

ምሳ ሰዓቱን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ተጎልተው ቅጽ ሞሉ። ሦስት ቅጂ፣ ስድስት ፎቶግራፍ፣ የጤና ምርመራ፣ ተተርጉሞ ማኅተም ያረፈበት ዲፕሎማ።

«ለምን መማር እንደፈለጉ ያብራሩ ይላል» አለች ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ ደርድራ።

«ጸሐፊዋን ለማግባት ብለሽ ምቺው።»

«ቀልድህን ተው።»

«እንዴ! ውሸት እንዳይሞላ ከታች ተጽፏል እኮ።»

ሳቀች። እሱ ሳቋን አየ። ሁለት ዓመት ይህን ሳቅ ሳይሰማ እንዴት እንደሚኖር እያሰበ እንደነበር ዓይኑ ይናገር ነበር፤ እሷም ዓይኑን እንዳታነብ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰች።

የቀረው የአለቃ ምስክርነት ነው። ይህ ለብቻው ነው፤ ሙሉ ገጽ ቦታ የተተወለት ቅጽ አለው። አለቃው ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ፖስታውን አሽጎ፣ ማሸጊያው ላይ ደግሞ ይፈርማል። አመልካቹ እንዲያየው አይፈቀድም።

አባቷ በእጃቸው ጽፈው ብጣሽ ወረቀት ሰጧት፣ በማሽን እንድትመታው። ተቀብላ አነበበችው። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና አነበበችው።

ሁለት መስመር ናት። በቃ።

ፊቷ ጋለ። ቅጹ ስለ ትጋቱ ይጠይቃል፣ ስለ ጠባዩ ይጠይቃል፣ ስለ ችሎታው ይጠይቃል። አባቷ ለአንድ ሳጥን ምስማር እንኳ ከዚህ የረዘመ ደረሰኝ ይጽፋሉ! እንዲቀር ፈልገው ነው፣ አለች በልቧ። በአፋቸው ሂድ ብለውት በእጃቸው ሊያስቀሩት ነው። ገብታ ብትጠይቃቸው ኖሮ፣ ልጆቼ! አሥር እርምጃ ነው። የፈራ ሰው ግን አይጠይቅም፤ መልሱን አስቀድሞ ለራሱ ነግሮታል።

ቅጹን ወደ ጽሕፈት መኪናው አስገባችና ከራሷ ልብ አውጥታ ጻፈች። ትጉህነቱን፣ ትሕትናውን፣ የታመመች እናቱን እንዴት እንዳስታመመ። ጠዋት ሲመጣ ቀጥታ እንደማይገባ፣ ደረጃ ወጥቶ የደከመ ልቡ እስኪረጋ ድረስ በሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚቆም፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሚዛን እንደሚነካ። ገጹ ሞላ። ያለቀሰችበት ጠርዙ ትንሽ ረጠበ፤ በመሐረቧ አደረቀችው። የአባቷን ብጣሽ ቀዳድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለች።

አባቷ መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አጡት፣ «የት ልፈርም?» አሏት። ጣቷን አስቀመጠችላቸው። ሁሉን ነገር ደግመው የሚለኩት ሰውዬ የልጃቸውን ጽሑፍ አንዴም ሳያነቡ ፈረሙ።

ወረቀቱ ሄደ። ስድስት ሳምንት ጠበቁ። ጭጩ ለቃለ መጠይቅ ተጠራና አባቱ የተዉለትን ኮት ለብሶ ሲሄድ፣ ከመስኮት አየችው። ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘላት። ዕድሜዋን ሁሉ ከዚያች ቅጽበት የበለጠ ደስታ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላወቀችም።

አራት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። አባቷ አነሱት። ከመስታወቱ ወዲህ ድምፃቸው አይሰማም፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

«አቤት... እንዴ፣ አንተ ነህ? እንኳን ደህና ዋልክ፣ ልጄ።»

የደወለው የፈተና ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ድሮ የአባቷ ተማሪ የነበረ፣ ወረንጦ አያያዝ ያስተማሩት።

አባቷ ብዙ አዳመጡ። ከዚያኛው ወገን የሆነ ነገር ይነበባል። ግንባራቸው ቀስ በቀስ ተቋጠረ።

«አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ይህን እኔ አልጻፍኩም።»

ልጅቷ ክው አለች። ከወንበሯ ሳትነሳ ቀረች። ስልኩ ሲዘጋ የተሰማት ቋቋታ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። አባቷ ወጡ፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ «ሰው በስሜ አንድ ገጽ ጽፏል» ብለው ወደ ጓሮ አለፉ። አንገታቸው ያን ያህል ቀጭን እንደሆነ ከዚያ በፊት አላየችም ነበር።

ጭጩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞታል። አላያትም። ቀጥ ብሎ ገብቶ ወረንጦውን ከድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ዕቃዎን መልሻለሁ።»

«ቆይ እስቲ። ያን ወረቀት የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ፊርማዬስ?»

«ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ቀላቅዬ አስፈረምኩዎት።»

«ለእነሱም እንዲህ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ጽፌም ፈርሜያለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰብሳቢው ገጹን ለጭጩ ጮክ ብሎ ሲያነብለት፣ በሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚቆመው ሰው ሰማ። አባቷ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፤ ያን ነገር አይተው አያውቁም። በዓለም ላይ ያንን ሊያይ የሚችል አንድ ወንበር ነው ያለው። ማን እንደጻፈው ያኔ ገባው። ስሟ ከመነሳቱ በፊት ቸኩሎ እኔ ነኝ አለ።

ልጅቷ በሩን በርግዳ ገባች። ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ፤ ማንም ጭጭ አላላትም።

«ውሸቱን ነው አባባ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

«አይስሟት ጋሼ፣ አዝናልኝ ነው።»

«አንተ ዝም በል! አባባ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ እኔ ነኝ!»

አባቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አንዱን ገጽ ሁለታችሁም ጻፍነው ትላላችሁ» አሉ በዝግታ። «እኔ በእጄ ጽፌ የሰጠሁት ሌላ ነበር። የጣለው ሰው ያውቀዋል። ምን ይል ነበር?»

ጭጩ ቀድሞ ነገር እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩንም አያውቅም።

ልጅቷ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። እንደ ስድብ ቆጥራው ነበርና ቃል በቃል ልቧ ውስጥ ተቀርጿል።

«‹ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል›» አለች። «‹እሱ የለካውን ደግሜ አልለካም።›»

ጭጩ ቀስ ብሎ ዞረ። ከገባ ጀምሮ ያን ጊዜ ነው ያያት።

«ምን አልሽ? ድገሚልኝ።»

«ስድስት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እሱ የለካውን...» ሁለተኛውን መጨረስ አቃታት። አባቷ ጨረሱላት፦ «ደግሜ አልለካም።»

«ጋሼ... እውነትዎን ነው?»

«ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንተ የለካኸውን ሳጥን ከፍቼ አላውቅም። ሕግ አፍርሻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዚያ ወረቀት ብቻ ነው የተናገርኩት።»

ጭጩ ወንበር ፈልጎ አጣ፤ ግድግዳውን ታክኮ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያ የተሸካሚ ልጅ፣ ሰው አይቶኝ ይሆን እያለ ስድስት ዓመት ያጎነበሰው ልጅ፣ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። ያለቀሰው የባሕር ማዶው ዕድል ስለቀረበት እንዳይመስላችሁ። ልጅቷም ይህ ገባት። የቀደደችው ምን እንደነበር ያኔ፣ ያን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ገና ያኔ ገባት።

በማግሥቱ አባቷ ከዘራቸውን ይዘው ራሳቸው ሄዱ። ሰብሳቢው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው። ነገሩን ሁሉ ነገሩት፣ የልጃቸውን ጥፋት ሳይሸፍኑ። ወረቀት ለመኑና ያቺኑ ሁለት መስመር እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደገና ጻፏት። ሰብሳቢው አነበባት።

«ጋሼ» አላቸው፣ «እኔን የላኩኝ ‹ይሂድ፣ ያውቃል› ብለው ነው። ያቺ አንድ መስመር ናት ሰው ያደረገችኝ። ለዚህ ነው ያን ሙሉ ገጽ ሳይ የደነገጥኩት፤ እርስዎ እንዲህ አይናገሩም። ይህቺ ትናንት ጠዋት እጄ ላይ ብትኖር ኖሮ ሌላ ሰው አልጠይቅም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ተጠባባቂው ተተካ። ዝርዝሩ ትናንት ማታውኑ ወደ ኤምባሲው ሄዷል፤ የልጁ የእምነት ቃልም አብሮ። ፈርሟል እኮ፣ ጋሼ። እኔ አምኜዎታለሁ፤ ፋይሉ ግን ፊርማውን ነው የሚያምነው።»

«ለከርሞ?»

«ከርሞ ሠላሳ ይሞላዋል።»

ይህም ብቻ አልነበረም። አጭበርብሬያለሁ ብሎ የፈረመ ሰው የመንግሥት ማኅተም ሊይዝ አይችልም። ከበላይ ትእዛዝ መጣ፤ ዋናው ለኪ ጭጩን ከሥራ ያሰናብቱ። እንግዲህ የስንብቱን ደብዳቤ ማን ይጻፈው? ጸሐፊዋ እሷ ናት። ከላይ እስከ ታች ራሷ መታችው። አልጨመረችበትም፣ አልቀነሰችበትም። የጽዳት ሠራተኛዋ በዚያ በኩል ስታልፍ አየቻትና፣ ያቺ ተጫዋች ሴትዮ፣ መጥረጊያዋን ከወለል አንስታ በእግር ጣቷ ጫፍ አለፈች።

አባቷ ደብዳቤውን ሰጡት።

«ያን ጊዜ ተማርና ጠይቀኝ ብዬህ ነበር። ትቼዋለሁ። አሁን ጠይቀኝ።»

ጭጩ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ አሁን ምን ይዤ?» አለ።

ራቅ ካለ ከተማ፣ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ። ጆንያ በወለል ሚዛን ላይ እየጣለ የሚመዝን። የፀጉርን ዘለላ ይመዝን የነበረ ሰው! የሄደ ዕለት ጠዋት ልጅቷ አውቶቡስ መነሻ ድረስ ሸኘችው። ሻንጣው መሃላቸው ቆሟል፤ ማናቸውም ከመሃል አላነሱትም።

«ተቀይመኸኛል?» አለችው።

«አልተቀየምኩሽም።»

«ስደበኝ። የፈለግከውን በለኝ።»

«በምን ልስደብሽ? ስለ እኔ አንድ ገጽ ሙሉ የጻፈ ሰው ከአንቺ በፊት የለም።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሁለት መስመር አነሰው ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ አንድም አልጠበቅኩም ነበር፤ ለምን አልጠየቅሽኝም? ምሳ ሰዓት ሁሉ አጠገብሽ ነበርኩ።»

አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ተሳፋሪ ይጣራል።

«አብሬህ ልሂድ» አለች ድንገት። «አባባ ፈቅደዋል። እንዳለሁ ልሂድ፣ ልብስም አልፈልግም።»

ብዙ አያት። ያ አተያይ ፍቅር አልነበረበትም ብዬ ብነግራችሁ እዋሻችኋለሁ፤ ሞልቶ ነበር፣ ይፈስስ ነበር።

«አንቺን ባየሁ ቁጥር እነዚያን ሁለት መስመሮች በድምፅሽ እሰማቸዋለሁ» አላት። «ከሰማሁት ነገር ሁሉ ደስ የሚለውም እሱ ነው፣ የሚገድለኝም እሱ ነው። አንድ ቀን መርሬ እናገርሻለሁ። ያን ቀን እንድታይ አልፈልግም።»

«ልትናገረኝ ትችላለህ፣ እችለዋለሁ።»

«እኔ አልችለውም።»

ሻንጣውን አነሳ። ይቅር ብሏት ነው የሄደው፤ ያለ ቂም፣ ያለ ቁጣ። እሷ ግን ቂም ቢይዝባት ትመርጥ ነበር፤ ቂም የያዘ ሰው ሊታረቅ ይመለሳል። ይቅር ብሎ የጨረሰ ሰው በምን ይመለስ? አውቶቡሱ ሲታጠፍ የያዘችው ትንፋሽ እንደ ተያዘ ቀረ፤ የሚያስወጣውም አላገኘችም።

አንድ ደብዳቤ መጣላት፣ በዓመቱ። ደህና ነኝ፣ ጋሼን ሰላም በይልኝ፣ ይላል። ሌላ አልመጣም። አባቷ ጡረታ ወጡ። እሷ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናት፤ በውስጠኛው ክፍል አዲስ ለኪ ተቀምጧል፣ ጎበዝ ነው ይላሉ። እሱ ሲመዝን እሷ የጽሕፈት መኪናዋን አታቆምም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወሬዬ ይኸው ነው። ብዙዎቻችሁ ቀጥፋ ሰው አጠፋች ትሏት ይሆናል፣ አትሳሳቱም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ይህችን ልጅ ስታስታውሱ፣ በቀደደችው ወረቀት ብቻ አታስታውሱብኝ። ወድዳው እንደነበርም፣ እባካችሁ፣ አብራችሁ አስታውሱላት።